ቀይ ቀበሮ የሚልሰው አበባ፦ ስለ አበልቢላ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ክረምት መግቢያ ላይ ባሌ ተራሮች ሄደን ነበር። ዲንሾ አካባቢ ሜዳው በሙሉ ረጅም አበባ ለብሶ አገኘነው። አበባው ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ ነው። አስጎብኚያችን 'ይህንን ቀይ ቀበሮ ይልሰዋል' ሲለን ሳቅንበት። ለመሆኑ ተክሉ ምንድን ነው? በየዓመቱ አዲስ የሚበቅል ነው ወይስ ሳይሞት የሚቆይ? ሰው የዘራው ይመስል ሜዳውን እንዲህ የሞላው ለምንድን ነው? ነቅለን አዲስ አበባ ግቢያችን ብንተክለውስ ይጸድቃል?»

አስጎብኚያችሁ አልቀለደም። ቀበሮው እውነትም ይልሰዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ከተክሉ ጋር እንተዋወቅ፤ የአበባው አሠራር ሳይገባን የቀበሮው ነገር አይገባንም።

ያያችሁት አበልቢላ ነው። አሽንዳ የሚሉት አሉ፤ ሹሹቤ የሚሉትም አሉ። እንደየአካባቢው ስሙ ይለያያል። በሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ሆክስቴተር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1844። ክኒፎፊያ የሚለው የወገኑ መጠሪያ ግን ከዚያ ይቀድማል። ጀርመን ውስጥ ኤርፈርት ከተማ ይኖር ለነበረው ሐኪምና ፕሮፌሰር ለክኒፎፍ መታሰቢያ ተብሎ በ1794 የወጣ ነው። ያኔ ሰውዬው ከሞተ 30 ዓመት አልፎት ነበር። የኢትዮጵያን ደጋ አይቶ የማያውቅ ሰው ስሙ በየተራራችን ላይ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ወገኑ 70 ያህል ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የደቡብ አፍሪካና የአካባቢዋ ናቸው። ጥቂቶቹ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ማዳጋስካርና የመን ድረስ ይዘልቃሉ። እኛ አገር ሰባት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ፎሊዮሳ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። «አገር በቀል» ስንል አንዳንዴ ከሌሎች አገሮች ጋር የምንጋራውንም ይጨምራል። ይህኛው ግን የእኛ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ የእሬት ቤተሰብ ነው። አበባውን አይታችሁ «እሬት ነው እንዴ?» ብላችሁ ከነበረ ግምታችሁ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ሁለቱን ለመለየት ቅጠሉን መንካት ይበቃል። የእሬት ቅጠል ወፍራም ነው፤ ሲቆረጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ጠርዙም እሾሃማ ነው። የአበልቢላ ቅጠል ግን ስስ፣ ጠንካራና ቃጫ የበዛበት ነው። ውሃ አያጠራቅምም። ለመቅደድ ብትሞክሩ በቁመቱ እሺ ይላል፤ በአግድም ግን እምቢ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አይ፣ በየዓመቱ አዲስ የሚበቅል አይደለም። የሚኖር ነው። ከመሬት በታች አጭርና ወፍራም ግንድ አለው፤ ባለሙያዎች ራይዞም ይሉታል። እውነተኛው ተክል እሱ ነው ብትሉ አልሟገትም። ከላይ የምናየው ቅጠልና አበባ ይመጣል፣ ይሄዳል። ታች ያለው ግንድ ምግብ ያጠራቅማል፤ በጋውንም ውርጩንም ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይገፋል። ከጎኑ አዳዲስ ቡቃያ ስለሚያወጣም ከጊዜ በኋላ አንዱ ተክል ብዙ ራስ ያለው ቁጥቋጦ ይሆናል። ሜዳው ላይ ተጠጋግተው የምታዩዋቸው ግንዶች ብዙዎቹ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

«የሚኖር» ማለት ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ይኖራል ማለት አይደለም። እዚያው ባሌ ላይ ከፍ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ ስትወጡ ጅብራ የሚባለውን ግዙፍ ተክል አይታችሁ ይሆናል። እሱም ለብዙ ዓመት ይኖራል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠራቅም ይኖርና አንዴ ያብባል፤ ዘሩን ይበትናል፤ ይሞታል። አበልቢላ እንዲህ አይደለም። ዘንድሮ ያበበው ተክል ለከርሞም ያብባል። ለዚህ ነው ጅብራ ያለውን ሁሉ አንዴ በአንድ ግዙፍ አበባ ላይ የሚያፈሰው፤ አበልቢላ ደግሞ በየዓመቱ መጠነኛ ወጪ የሚያወጣው። በአንድ ተራራ፣ በአንድ ብርድ ሁለት የተለያየ ስልት።

ቅጠሎቹ ሁሉም ከሥር፣ ከመሬት አካባቢ ይወጣሉ። ግንዱ ላይ ተሰቅሎ የምታገኙት ቅጠል የለም። ረጃጅም ናቸው፤ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቅጠል ማየት ብርቅ አይደለም። ስፋታቸውም ከወገናቸው አንጻር ደህና ነው፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ይሆናል። ከመሐል ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ከጀርባ በኩል ደግሞ ሹል ጠርዝ አላቸው። አንዱን በምላጭ በአግድም ብትቆርጡት እጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህ እጥፋት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ረጅሙን ቅጠል ሳይሰበር ያቆመዋል። ሁለተኛ፣ የዝናቡንና የጤዛውን ውሃ እያንሸራተተ ወደ ተክሉ መሐል፣ ወደ ሥሩ ይወስደዋል። ማለዳ ላይ የቅጠሎቹን መገናኛ በጣታችሁ ብትነኩ እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሌላም አለ። ያረጀው ቅጠል ደርቆ ወዲያው አይረግፍም። ሥሩ ላይ ተደራርቦ ይቀራል። ለዓይን ደስ አይልም፤ ቆሻሻ ይመስላል። ግን የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ከዚያ መሐል ተሸሽጎ ነው ያለው። ሳነቴ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። በእነዚህ ከፍታዎች ዓመቱ በሙቅና በብርድ ወራት አይከፈልም፤ በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት ነው ይባላል። ለስላሳ ቡቃያውን ከመሬት አስጠግቶ፣ ደረቅ ቅጠል አልብሶ ማኖር እዚህ ለመኖር ዋናው ዘዴ ነው።

አበባው ላይ ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርገን እንቆይ። ከቅጠሎቹ መሐል አንድ ቅጠል አልባ ዘንግ ይወጣል። ከነአበባው አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጫፉ ላይ አበቦቹ ጥቅጥቅ ብለው ይደረደራሉ፤ ከሩቅ ሲታይ የተለኮሰ ችቦ ይመስላል። ብዙ ሰው «አንድ አበባ» የሚለው ይህንን ነው። እንዲያ አይደለም። አንዱ ዘንግ ላይ ያሉት በጣም ብዙ ትናንሽ አበቦች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቱቦ ነው፤ አፉ ወደ ታች ዘንበል ይላል።

አንዷን ትንሽ አበባ ቀጥፋችሁ ሰንጥቁት (ከፓርኩ ውጭ ካገኛችሁ ማለቴ ነው)። ቱቦው የተሠራው ከስድስት የአበባ ቅጠሎች ነው። ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ጫፋቸው ላይ ብቻ ስድስት ትናንሽ ጥርሶች ይታያሉ። ውስጡ ስድስት ወንዴ ዘንጎች አሉ፤ አበባው ሲበስል ከቱቦው አፍ ወጣ ብለው ይንጠለጠላሉ፤ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ብናኝ አለ። መሐል ላይ ሦስት ክፍል ያለው እንቁላል ዕቃ ተቀምጧል። ሥሩን ስታዩ እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ኔክታር ነው፤ የአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ። በጣታችሁ ነክታችሁ ብትቀምሱት ስሱ ስኳር ውሃ ነው። ሽታ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አፍንጫችሁን ብታስጠጉ የምታገኙት ነገር የለም። ይህን ያዙት፤ ቀጥሎ እንፈልገዋለን።

ቀለሙ ሁለት የሆነበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። አበቦቹ የሚከፈቱት ከታች ወደ ላይ ነው። ላይ ያሉት ገና ያልፈነዱ እንቡጦች ናቸው፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ናቸው። ታች ያሉት የበሰሉት ናቸው፤ ቢጫ ሆነዋል። ኔክታሩ በብዛት ያለው የበሰሉት ላይ ነው። ስለዚህ ቢጫው የት ድረስ እንደደረሰ አይታችሁ ዘንጉ ዕድሜው ስንት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ ከሆነ መሐል ዕድሜ ላይ ነው። እናንተ ያያችሁት እንደዚያ ያለ ይመስለኛል።

ሽታ የለውም ብያለሁ። ቱቦ ነው፣ ቀይና ብርቱካናማ ነው፣ ኔክታሩ ቀጭንና ብዙ ነው። እነዚህ አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ የዕፅዋት ባለሙያ ወዲያው «ወፍ» ይላል። ወፍ ከማሽተት ይልቅ በማየት ይመራል፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ከሩቅ ይስበዋል። ደጋችን ላይ ረጅምና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች አሉ፤ በፈረንጅ አፍ ሰንበርድ ይሏቸዋል። አንደኛው ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና መዳብማ ያብለጨልጫል። ዘንጉ ላይ ተቀምጦ ምንቃሩን ወደ ቱቦው ይሰዳል። ጎንበስ ሲል ግንባሩ ተንጠልጥለው ካሉት ወንዴ ዘንጎች ጋር ይነካካል። ቢጫ ብናኝ ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘንጉ ጠንካራ የሆነውም ለዚህ ይጠቅማል፤ ወፉ ማረፊያ ያገኛል። ንቦችም ይመጣሉ፤ የደጋ ንብ አናቢ የትኛው አበባ መቼ እንደሚፈነዳ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

እንግዲህ ቀበሮው። ቀይ ቀበሮ ሥጋ በል ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ባሌ ላይ በተለይ ግዙፉን ፍልፈል አድብቶ ይይዛል። ግን አበልቢላ በሚያብብበት ወቅት ወደ አበባው መሐል ገብቶ ዘንጉን በምላሱ ከታች ወደ ላይ ይልሳል። የሚመርጠውም ቢጫውን፣ የበሰለውን ክፍል ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተመራማሪዎች ይህን ባሌ ላይ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2024 አሳትመውታል። ከተለያዩ መንጋዎች የሆኑ ቀበሮዎች ሲልሱ ታይተዋል። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ ኔክታር ሲመገብ በዚህ መልክ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው።

ለባሌ እረኞች ግን ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የፕሮግራሙ መሥራች ክላውዲዮ ሲሌሮ በአደባባይ እንደተናገሩት፣ የአበልቢላን ጣፋጭነት መጀመሪያ ያወቁት የእረኛ ልጆች አበባውን ሲልሱ አይተው ነው። ቀምሰው አረጋገጡ። በኋላ ቀበሮዎቹ ያንኑ ሲያደርጉ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሳይንሱ የተጀመረው ከብት ከሚጠብቅ ልጅ ነው።

ቀበሮዎቹ ሲልሱ አፍንጫቸውና ጺማቸው ዙሪያ በብናኝ ቢጫ ይሆናል። ታዲያ ያዳቅሉታል ማለት ነው? ይህ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎቹም አንስተውታል። ግን ብናኝ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ብናኙ በትክክለኛው ቦታ አርፎ ዘር ማስገኘቱ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ገና አልተረጋገጠም። «ቀበሮው የአበባው አዳቃይ ነው» የሚል ርዕስ ብታዩ ትንሽ ረጋ በሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ቀበሮው ራሱ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ አዋቂ ነው የቀረው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ላይ ነው። ሥራውን የሚሠሩት በብዛት ወፎቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከተዳቀለ በኋላ አበባው ይጠወልግና እንቁላል ዕቃው ያብጣል። ሦስት ክፍል ያለው ትንሽ ፍሬ ይሆናል። ሥጋ የለውም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውስጡ ጥቁር፣ ማዕዘን ያለው ደቃቅ ዘር አለ። ዘንጉ ደርቆ ቆሞ ስለሚቀር ነፋስ ሲያወዛውዘው ዘሩ ይረግፋል። ብዙ ርቆ አይሄድም። አዲስ ተክል በእናቱ አካባቢ የሚበዛውም በከፊል ለዚህ ነው።

የት የት ይገኛል? ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምርና እስከ 4,000 ሜትር ይወጣል። ትግራይ፣ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ሸዋ፣ አርሲ፣ ባሌ፦ ደጋ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቀላል። ስሜን ተራሮች ላይ ታገኙታላችሁ። መንዝ ጓሳ ላይም ጭላዳዎች በሚግጡበት ሜዳ ዳር ይታያል። ባሌ ላይ ግን የሚያምርበት ቦታ ጋይሳይ ነው፤ ከዲንሾ ትንሽ አለፍ ብሎ። እዚያ ጭቁኝና አበልቢላ ተደባልቀው ሜዳውን ይዘውታል፤ መሐላቸው ደግሞ ደጋ አጋዘን ይንቀሳቀሳል። ወደ ወብ ሸለቆ ስትገቡም ታዩታላችሁ። ከሳነቴ አምባ ከፍተኛ ክፍሎች፣ ከ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ግን አትፈልጉት። እዚያ ብርዱና ድንጋዩ የጅብራ አገር ነው።

ጊዜውም ትልቅ ነገር ነው። ባሌ ላይ ዋናው የአበባ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። እናንተ በክረምት መግቢያ መሄዳችሁ ዕድል ነው። ያው ሜዳ በጥር ቢታይ ደረቅ ዘንግና ቅጠል ብቻ ነው፤ ጓደኛችሁ በጥር ሄዶ «ምንም አበባ የለም» ቢላችሁ አትሟገቱት።

የሚወደው አፈር እርጥበት የሚይዝ ነው። ዳገት ላይ ውሃ የሚመነጭበት፣ የጅረት ዳር፣ ክረምት ላይ የሚረጥብ ሜዳ። ጥላ አይወድም። ከጥቅጥቅ ደን ውስጥ አታገኙትም፤ የደን ጠርዝ፣ የአስታ ቁጥቋጦ ክፍተት፣ ክፍት ሣር፦ እነዚህ ናቸው ቦታዎቹ።

አሁን «ሰው የዘራው ይመስል ለምን ሞላው» ወደሚለው። ይህን ጥያቄ ስለጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። መልሱ ከብት ነው።

ሜዳ ላይ ሣርና አበልቢላ አብረው ይኖራሉ እንበል። በጉም ላሙም ፈረሱም ሣሩን ይግጣሉ። አበልቢላን ግን አይፈልጉትም። ጠንካራና ቃጫማ ነው፤ ከብት ምርጫ ሲኖረው አይነካውም። ግጦሹ መጠነኛ ሲሆን ሣሩ መልሶ ያድጋል፤ ሁለቱም በቦታቸው ይኖራሉ። ከብቱ ሲበዛና ሜዳው ፋታ ሲያጣ ግን ሣሩ እያጠረ፣ እየሳሳ ይሄዳል። መሬቱ ይገለጣል። የተገለጠው ቦታ ላይ የአበልቢላ ዘር ያርፋል፤ ፀሐይ ያገኛል፤ የሚሻማው የለም። ያለውም ተክል በሥሩ ይሰፋል። ዓመት በዓመት ሚዛኑ ወደ እሱ ያዘነብላል። በልቅ ግጦሽ በተጎዱ ደጋዎች ላይ ሌላ ነገር እስከማይታይ ድረስ ሰፍሮ የምናየው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ያ ውብ ሜዳ ሁለት ንባብ አለው። ጥቂት ዘንግ እዚህና እዚያ፣ መሐሉ ላይ ጥሩ ሣር ካለ ጤናማ ነው። ከዳር እስከ ዳር አበልቢላ ብቻ ሆኖ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ከሆነ ግን ሜዳው ደክሟል። ተክሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሌላው የለቀቀውን ቦታ ነው የያዘው። እንዲያውም እርቃኑን የቀረ ዳገት ላይ ሥሩ አፈር ይዞ ያቆያል። አንዳንድ ቦታ «መጤ አረም ነው፣ ይነቀል» ሲባል እሰማለሁ። መጤ አይደለም። ነቅሎ መጨረስም ሣሩን አይመልሰውም፤ ግጦሹ ካልተቀነሰ የተነቀለበት ቦታ ባዶ አፈር ይሆናል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወስደዋል። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሜዳውን እየዘጋ እየከፈተ ጓሳውን ሲጠብቅ ኖሯል። ከብቱ እንዲገባ የሚፈቀድበትና የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን ለማየት ጓሳን አይታችሁ ብዙ ግጦሽ ያለበትን ጎረቤት ዳገት መመልከት ይበቃል።

ስለ ሥሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባትጠይቁም «መድኃኒት ነው» የሚል ሰው መንገድ ላይ ማግኘታችሁ አይቀርም። የምድር ውስጥ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫና ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ አንትራኪኖን ከሚባሉ ውሁዶች የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ክኒፎሎን ይባላል። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊች እ.ኤ.አ. በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ተክል ለይተው አወጡት። ስሙንም ያገኘው ከተክሉ ነው። በኋላ በላቦራቶሪ ውስጥ በወባ ተውሳክ ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ሆኖ ተገኝቷል። የባህል ሐኪሞችም ሥሩን ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል ይጠቀሙበታል።

ግን ልብ በሉ፦ በብልቃጥ ውስጥ ተውሳክ ገደለ ማለት በሰው ሆድ ገብቶ ያድናል ማለት አይደለም። ሰው ላይ ተፈትሾ፣ መጠኑ ታውቆ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። አንትራኪኖኖች ደግሞ ሆድ የሚያስሮጡ ናቸው፤ የእሬት ማስቀመጥ ከዚሁ ወገን ነው። ኔክታሩን የእረኛ ልጆች ይልሱታል፤ ሥሩን ቀቅሎ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አታድርጉት።

ሌላም ልታደናግራችሁ የምትችል ዘመድ አለች። ክኒፎፊያ አይሶኤቲፎሊያ ትባላለች፤ እሷም ደጋ ላይ ናት። ቅጠሏ ግን ቀጭን ነው፤ ሣር ይመስላል። ያያችሁት ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ብዙ ቅጠል ተደራርቦበት ቁጥቋጦ የሠራ ከሆነ ፎሊዮሳ ነው። ፎቶ ስታነሱ አበባውን ብቻ አታንሱ፤ ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ አንድ አበባም በቅርብ አንሱ። ለመለየት ከአበባው ይልቅ ቅጠሉ የሚነግረኝ ጊዜ ይበዛል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ፦ ነቅለን እንትከል ወይ? ከፓርኩ አትንቀሉ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዕፅዋት መንቀል የተከለከለ ነው፤ ባሌ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ሕጉን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ትልቅ ተክል ነቅሎ ማዛወር አያዋጣም። ወፍራሙ ግንድ ሲቆሰል ይበሰብሳል፤ ጉዞው ላይ ሥሩ ይደርቃል። ብዙውን ታጡና የተረፈው ሲጠወልግ ታያላችሁ።

አዲስ አበባ በከፍታ ረገድ ምንም አይጎድላትም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አበልቢላ በሚኖርበት ክልል ውስጥ ነች። ስለዚህ «ይጸድቃል ወይ?» ለሚለው መልሴ አዎ ነው፤ ከዘር ከተጀመረ። ከፓርክ ውጭ፣ ባለመሬቱ ከፈቀደ፣ የደረቀ ዘንግ ላይ ያለ ዘር ትንሽ መውሰድ ተክሉን አይጎዳውም። ጥሩ ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር ላይ ዘሩን ላዩን በትኑት፤ በስሱ አፈር ሸፍኑት፤ እርጥበቱን ጠብቁ። አበባ ግን ወዲያው አትጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚሠራው ከመሬት በታች ነው።

በአንዳንድ ችግኝ ጣቢያዎች ተመሳሳይ አበባ ተሸጦ ብታገኙ በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካው ክኒፎፊያ ዩቫሪያና ከድቅሎቹ የመጣ ነው። ያምራል፤ ቶሎ ያብባል፤ ለከተማ ግቢ ችግር የለውም። ደጋ ላይ፣ ዱር አጠገብ ያለ ግቢ ከሆነ ግን አልመክርም። ከአገሩ ውጭ በአንዳንድ ቦታዎች ከአትክልት ቦታ አምልጦ ዱር የገባ ዝርያ ነው፤ ከእኛዎቹ ጋር እንዲቀላቀልም አንፈልግም።

የት ትተክሉት? ሙሉ ፀሐይ ያለበት ቦታ። ውሃ የሚያገኝ፣ ግን ውሃ የማያቁር አፈር። ከግድግዳ ሥር፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አይሁን። በሁለት ተክሎች መካከል ቢያንስ የግማሽ ሜትር ርቀት ተዉ፤ ይሰፋልና። ያለቀውን የአበባ ዘንግ፣ ዘር ካልፈለጋችሁ በስተቀር፣ ከሥሩ ቁረጡት። ሥሩ ላይ የተከማቸውን ደረቅ ቅጠል ግን አትክልተኛችሁ «ላጽዳው» ቢልም ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አታስነኩት።